ከቸርቻሪው እስከ ፋብሪካው፦ ሁለት ሳምንት በሮተርዳም

ኔዘርላንድስ፣ ሮተርዳም የደረስኩት እሑድ ከሰዓት ነው። ከስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ በፈጣኑ ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከጣቢያው ስወጣ የጠበቅሁትን አሮጌ የአውሮፓ ከተማ አላገኘሁትም። ዙሪያው ረጃጅም የመስታወት ሕንፃ ነው። ምክንያቱን በኋላ ሰማሁ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች መሐል ከተማውን በቦምብ አውድመውታል። አሁን የሚታየው አብዛኛው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው።

የመጣሁት ለዓለም አቀፍ የቢዝነስ ሰመር ስኩል ነው። ስመዘገብ ያሰብኩት ቀላል ነበር፦ ሌክቸር እሰማለሁ፣ ማስታወሻ እይዛለሁ፣ ሰርተፊኬቴን ይዤ እመለሳለሁ። ሰርተፊኬቱም ተሰጥቶኛል። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን አንድ ማክሰኞ ጠዋት የተጫወትነው ጨዋታ ነው።

የቢራ ጨዋታ ይባላል። ከ60 ዓመት በፊት ገደማ ኤም አይ ቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተፈጠረ ነው፤ ከዚያው ፕሮፌሰር ከጄይ ፎሬስተር ሥራ ጋር ስሙ ይነሳል። ቢራ የሚባል ነገር ግን የለበትም። ሰሌዳ፣ ወረቀትና ትንንሽ ጠጠሮች ብቻ ናቸው። ጠረጴዛችን ላይ አራት ሆንን። ፖላንዳዊው ቸርቻሪ፣ ብራዚላዊቷ ጅምላ ሻጭ፣ ቬትናማዊቷ አከፋፋይ፣ እኔ ፋብሪካ።

ሕጉ አጭር ነው። ማውራት ክልክል ነው። በየሳምንቱ፣ ማለትም በየዙሩ፣ ምን ያህል ሣጥን እንደምትፈልግ ወረቀት ላይ ጽፈህ ከበላይህ ላለው ታቀብላለህ፤ ቸርቻሪው ለጅምላ ሻጯ፣ እሷ ለአከፋፋይዋ፣ አከፋፋይዋ ለፋብሪካው። ያዘዝከው ዕቃ ወዲያው አይመጣም፤ ሳምንታት ይፈጃል። መጋዘንህ ውስጥ የተረፈ ሣጥን በሳምንት ግማሽ ዶላር ያስከፍልሃል። ለደንበኛ ያላደረስከው ደግሞ አንድ ዶላር። በድምሩ ትንሽ ወጪ ያወጣ ቡድን ያሸንፋል።

መጀመሪያ የሚደርሰኝ ትእዛዝ 4 ነበር። 4፣ እንደገና 4። ደስ ብሎኝ አመረትኩ። ከዚያ 10 መጣ። ከዚያ 22። ቬትናማዊቷ ቁጥሩን ሁለቴ አስምራበታለች። ቀጥሎ 40። ያለኝ አልበቃ ሲል የማምረቻ ትእዛዜን እጥፍ አደረግሁት። ዕቃው ተመርቶ ሲደርስ ግን የተቀበልኩት ወረቀት ላይ 0 ተጽፏል። በሚቀጥለውም ሳምንት 0። ጠጠሮቹ ፊቴ ተከምረው ቦታ ጠፋ።

ተናደድኩ። ጨዋታው እንዳበቃ ወደ ፖላንዳዊው ዞርኩ። «ገበያውን የምታየው አንተ ብቻ ነህ። ምን ነካህ?» አልኩት። ፊቱ ቀላ። ምንም አልመለሰልኝም።

አስተማሪዋ ደንበኛው በየሳምንቱ ስንት ሣጥን የገዛ እንደሚመስለን በግራፍ እንድንስል ጠየቀችን። ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወርድ ማዕበል ሳልኩ። ከቸርቻሪዎቹ በስተቀር ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ማዕበል ነው የሳለው። ከዚያ ደንበኛው የገዛውን የሚያሳዩትን የቸርቻሪውን ካርዶች አንድ በአንድ ገለበጠች። 4፣ 4፣ 4፣ 4፣ ከዚያ 8። 8። 8። እስከ መጨረሻው 8።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ደንበኛው ሐሳቡን የቀየረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ማዕበሉን የፈጠርነው እኛው ነን።

እያንዳንዱ ሰው ዕቃ ሊያልቅበት ሲል ትንሽ ጨመር አድርጎ ያዛል። ዕቃው ስለሚዘገይ አስቀድሞ ያዘዘው መንገድ ላይ እንዳለ ይረሳና ደግሞ ይጨምራል። ከበላዩ ያለው ያንን ያያል፤ የራሱን ስጋት ይደርብበታል። እንደ ጅራፍ ነው። እጅ ትንሽ ትወዛወዛለች፣ ጫፉ ላይ ይጮኻል። በሙያው ቡልዊፕ (ጅራፍ) ኢፌክት የሚባለውም ለዚሁ ነው። የአሜሪካው ኩባንያ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በሕፃናት ዳይፐሩ ያስተዋለው ይህንኑ ነበር። ሕፃናት ዳይፐር የሚጨርሱት በተመሳሳይ ፍጥነት ነው፤ ወደ አቅራቢዎቹ የሚሄደው ትእዛዝ ግን ሲዋዥቅ ይታይ ነበር።

ፖላንዳዊውን ይቅርታ ጠየቅሁት። «እኔም እኮ በሆዴ ጅምላ ሻጯን ስወቅስ ነበር» አለኝ። ለካ ሁላችንም አጠገባችን ያለውን ሰው ስንከስ ነበር የቆየነው። ይህ ነገር በጣም ከብዶኛል። የማላየውን ነገር ያየሁ ያህል እርግጠኛ ሆኜ ሰው ላይ መጮሄ ነው የከበደኝ።

ሐሙስ ዕለት ወደ ወደቡ ወሰዱን። ከመሐል ከተማው እስከ ባሕሩ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘረጋል፤ በአውሮፓ ትልቁ ነው። የቆምንበት መሬት፣ ማስፍላክተ 2፣ ባሕር ተሞልቶ የተሠራ ነው። ሹፌር የሌላቸው ጠፍጣፋ ተሽከርካሪዎች ኮንቴይነር ተሸክመው ይመላለሳሉ። ክሬኑ አንዱን ሣጥን ሲያነሳ ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየሁ። የጭነት መኪና ድርጅት ባለቤቱ ማልኮም ማክሊን በ1956 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የኮንቴይነር ጉዞ ሲያስጀምር መርከቡ የያዘው 58 ሣጥን ነበር። አሁን አንዱ መርከብ 400 ሜትር ይረዝማል። በመጋቢት 2021 የስዌዝን ቦይ ለ6 ቀን የዘጋው መርከብ፣ ኤቨር ጊቭንም፣ ጉዞው ወደዚሁ ወደ ሮተርዳም ነበር። የደረሰው በሐምሌ መጨረሻ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ዕቃውን የጠበቁት ቸርቻሪዎች ስንት ተጨማሪ አዝዘው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ከማክሰኞ በፊት ይህ ጥያቄ አይመጣልኝም ነበር።

ሁለተኛው ሳምንት በቡድን ሥራ አለቀ። አራታችንም አንድ ላይ ቀረን። ማታ ማታ እያንዳንዳችን የሠራነውን መሬት ላይ ዘርግተን እናያለን፤ ከዚያ በፊት አስተያየት መስጠት አይቻልም። ሕጉን ያወጣችው ብራዚላዊቷ ናት። ፕረዘንቴሽናችን አላሸነፈም፤ ግን አንድም ቀን አልተጣላንም።

የቴሌግራም ግሩፓችን እስካሁን አለ። ባለፈው ሳምንት ቬትናማዊቷ ጻፈች። የአንድ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ሥራ ጀምራለች። የአንድ ዕቃ ትእዛዝ በድንገት ሦስት እጥፍ ሆነ፤ አለቃዋም ቶሎ ብለሽ ጨምረሽ እዘዢ አላት። እሷ ግን መጀመሪያ ሱቆቹ ጋ ደውላ በቀን ስንት እንደሚሸጡ ጠየቀች።

ፖላንዳዊው ወዲያው መለሰላት፦ «ስምንት አሉሽ?»