የዋስትናው ጊዜና የዕቃው ዕድሜ፦ ስለ በረዶ መውጫ መሣሪያዎቻችን ከጎንደር

በጎንደር በገመድ ገደል መውጣትን የምንለማመድ ጓደኛሞች፣ ወደፊት የኬንያን ተራራ ለመሞከር በማሰብ የበረዶ መውጫ መሣሪያ ማሰባሰብ ከጀመርን ቆየን። በእኛ አካባቢ ለመውጫ የሚሆን በረዶ የለም፤ በስሜን ተራሮች ከፍታ ላይ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውኃ ቢረጋም፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ይሟሟል። ስለዚህ የበረዶ መጥረቢያውንም፣ ከጫማ ሥር የሚታሰረውን ባለ ጥርስ ብረት ማለትም ክራምፖኑንም የምንለማመደው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ለበረዶ የተሠራ ብረት ድንጋይ ላይ ሲውል ቶሎ ስለሚበላ፣ የዋስትና ጥያቄ በመካከላችን ደጋግሞ ይነሳል።

የአምራቾችን የዋስትና ወረቀት በጥሞና ያነበበ ሰው እንደሚረዳው፣ ወረቀቱ የሚመለከተው ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ የጥሬ ዕቃ ወይም የአሠራር ጉድለት ነበረበት ወይ የሚለውን ብቻ ነው። ለምሳሌ ፔትዝል የተባለው የፈረንሳይ አምራች ለመውጫ ዕቃዎቹ የ3 ዓመት ዋስትና ይሰጣል፤ ነገር ግን በአገልግሎት የመጣ መበላት፣ ዝገት፣ በባለቤቱ የተደረገ ማሻሻያ፣ የአያያዝና የአቀማመጥ ጉድለት፣ እንዲሁም ዕቃው ላልተሠራለት ሥራ መዋሉ በዋስትናው አይሸፈኑም።

የፋብሪካ ጉድለትንና በአገልግሎት የመጣ መበላትን ልዩነት በቅርብ ያየነው በራሳችን ዕቃዎች ነው። ከመካከላችን አንዱ ውጭ አገር የሚኖር ወንድሙ የላከለት ክራምፖን የተረከዝ መቆለፊያው ገና ሳይለመድ ተሰነጠቀበት። አምራቹ ፎቶግራፍ፣ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥርና የግዢ ደረሰኝ ጠየቀ፤ ደረሰኙ በወንድምየው እጅ ስለነበር አቤቱታውን ያቀረበው እሱ ሆነ፤ መቆለፊያውም ተተካ። በተቃራኒው የአንድ መጥረቢያ ጫፍ ተሰብሮ ብንጽፍ የተሰጠን መልስ ጫፉ በአገልግሎት የሚያልቅ ክፍል ነው የሚል ነበር። አንዳንዶቻችን ቅር ተሰኝተናል። እኔ ግን መልሱ ተገቢ ነው ባይ ነኝ፤ የመኪናው ጎማ ስላለቀ ፋብሪካው ይተካልኝ የሚል ሹፌር የለም። ዘመድ ዕቃ ሲልክላችሁ የደረሰኙን ፎቶ አብሮ እንዲልክ ከወዲሁ ንገሩት።

ጫፉን ለመሳል ቅዳሜ ገበያ ከብረታ ብረት ሻጮች የሚገኝ ጠፍጣፋ ሞረድ ይበቃል። መጥረቢያውን በሞርሳ አስሮ፣ ሞረዱን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየገፉ፣ ሲመልሱ እያነሱ፣ የፋብሪካውን ማዕዘን ተከትሎ መሞረድ ነው። ብየዳ ቤት ወስዶ በግራይንደር ማስሳል ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን ብረቱ ሲግል ፋብሪካው በሙቀት የሰጠውን ጥንካሬ ያጣል፤ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ነገሩ አልቋል። ሙረዳው ወደ መጥረቢያው የመጀመሪያ ጥርስ ሲደርስ ጫፉ ይቀየራል። የክራምፖን የፊት ጥርሶች ደግሞ የሚሞረዱት ከጠርዛቸው ነው፤ ጠፍጣፋውን ገጽ መሞረድ ውፍረታቸውን ያሳሳል።

ከብረቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ጨርቁ፣ ማለትም ገመዱና የወገብ መታጠቂያው ነው። ፔትዝል ለጨርቃ ጨርቅና ለፕላስቲክ ዕቃዎቹ ከተመረቱበት ቀን ጀምሮ ቢበዛ 10 ዓመት ዕድሜ ይሰጣል፤ ይህም ከ3 ዓመቱ ዋስትና ጋር የማይገናኝ ጉዳይ ነው፤ ከባድ ውድቀት የደረሰበት ወይም አሲድ የነካው ዕቃ በመጀመሪያው ቀንም ሊወገድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካዊው ገደል ወጪ ቶድ ስኪነር፣ በሙያው አንቱ የተባለ ሰው ሆኖ ሳለ፣ በካሊፎርኒያ ዮሰሚቲ ሕይወቱ ያለፈው የወገብ መታጠቂያው ከጨርቅ የተሰፋ የፊት ቀለበት በመበላቱ ተበጥሶ ነው፤ ቀለበቱ መሳሳቱ አስቀድሞ ታይቶ ነበር። እኛም ይህን ቀለበት ከእያንዳንዱ መውጣት በፊት በጣት እየዳሰስን፣ ስፌቱን ወደ ብርሃን አዙረን እናያለን። ገመዱንም ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችን እያሳለፍንና እያጠፍን እንፈትሻለን፤ ሲታጠፍ ክብ ቅርጹን ትቶ የሚሰበር ወይም በውስጡ ልል የሆነ ቦታ ካለ አንጠቀምበትም። ያገለገለ ባትሪ በተጫነበት መኪና ውስጥ ገመድ አናስቀምጥም፤ የባትሪ አሲድ በዓይን ሳይታይ ናይለኑን ይጎዳል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። በዕቃው መለያ ላይ የሚታተመው ዓመት የፈረንጆቹ ነው። 2017 የሚል መለያ ያለበት መታጠቂያ፣ በእኛ አቆጣጠር ሲነበብ ትናንት የተሠራ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የተሠራው በ2009 ወይም በ2010 ዓ.ም. ነው፤ የ10 ዓመቱ ዕድሜ በአብዛኛው ተሟጧል። ተጓዦች ትተውልን የሚሄዱትን ያገለገሉ ዕቃዎች የምንቀበል ሰዎች ይህን ሳናጣራ መታጠቅ የለብንም። በመዝገባችን ላይ የምርቱን ቀን እንደታተመው ጽፈን እ.ኤ.አ. የሚል እንጨምርበታለን፤ የተጠቀምንበትን ቀን ደግሞ በዓመተ ምሕረት እንይዛለን።

ካራቢነሮችን፣ ማለትም ገመድ የሚያልፍባቸውን ባለ መዝጊያ የብረት ማያያዣዎች በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ ገመዱ ብረቱ ላይ ቦይ አውጥቶ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ከጠለቀ ወይም ጠርዙ ከተሳለ ይወገዳል። መዝጊያው ሲያስቸግር ብዙውን ጊዜ አቧራ ነውና በለብ ያለ ውኃ ታጥቦ ይድረቅ።

መለያ ቁጥር በምስማር መፋቅም ሆነ ጨርቅ ላይ በማርከር መጻፍ አያስፈልግም፤ እኛ የምንለየው ብረቱ ላይ በተጠቀለለ ባለ ቀለም ፕላስተር ነው። የተወገደ ገመድ በሰፈር ለጭነት ማሰሪያ መፈለጉ አይቀርም፤ መስጠት ይቻላል፤ ነገር ግን ማንም መልሶ እንዳይወጣበት ቁመቱ ከክንድ ሁለት ክንድ እንዳይበልጥ ተቆራርጦ ይሁን። የመታጠቂያውም የፊት ቀለበት ከመጣሉ በፊት በመቀስ ይቆረጥ።