ጨረቃ ያልወጣችበት ምሽት

ኅዳር 20፣ ሌሊት

ዛሬ ጃርት አየሁ። ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ እሾሁንም ከመንገድ እያነሳሁ ደብተሬ ውስጥ እያስቀመጥኩ ነው ያደግሁት። በሕይወት ያለውን፣ የሚራመደውንና የሚተነፍሰውን ጃርት ግን ያየሁት ገና ዛሬ ነው። ሳልተኛ ልጻፈው ብዬ ቡልኮ ተከናንቤ ተቀምጫለሁ።

ነገሩ የመጣው በአጎቴ ድንች ነው። አጎቴ የሚኖሩት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ኮሶዬ ነው። ከቤታቸው በታች ያለችው ማሳ እስከ ገደሉ አፋፍ ትወርዳለች። ድንቹ ከደረሰ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን የነቢያት ጾም ሲገባ ዋጋው ይሻላል ብለው ከአፈሩ ሳያወጡ አቆዩት። በኅዳር ሚካኤል ልጠይቃቸው ስሄድ ማሳው ዳር ቆመው አገኘኋቸው። እንደ ወትሮው ጉንጬን አልሳሙኝም። «ና እየው» አሉኝ ብቻ።

መደቡ ሃያ ቦታ ያህል ተቆፍሯል። ጎረቤታቸው ከርከሮ ነው አሉ፤ የጎረቤቱ ልጅ ዝንጀሮ ነው አለ። አጎቴ ቁጢጥ ብለው አንዱን ጉድጓድ በእጃቸው ለኩት። ከርከሮ ቢሆን መሬቱን እንደ ማረሻ ገልብጦት በሄደ ነበር። ዝንጀሮ የሚመጣው ቀን ነው፤ የነቀለውንም እዚህም እዚያም በትኖት ይሄዳል። ፍልፈል ከሆነ ከሥር ስቦ ይወስድና ላዩ ላይ የአፈር ቁልል ይተዋል። ይህ ግን አፉ ሰፍቶ ወደ ታች የጠበበ፣ ድንቹ ያለበትን አውቆ በቀጥታ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ከአጠገቡ ግማሹ የተበላ ድንች አንስተው ሰጡኝ። ሁለት ሰፋፊ ጥርሶች ጎን ለጎን ሆነው የፋቁት ቦይ በግልጽ ይታያል።

«ጃርት ነው» አሉ። ጃርት ምንም እንኳ ግዙፍና እሾሃም ቢሆን የአይጥ ወገን ነው፤ የፊት ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል። በልጆች ሥዕል ላይ ጃርት ተብሎ የሚሳለው፣ በአንድ እጅ የሚታቀፈው ትንሽ ድቡልቡል እንስሳ ሌላ ነው፤ ወገናቸውም አይገናኝም። የእኛ ጃርት ከ20 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል።

ዱካውን ይዘን ወረድን። አቧራው ላይ የሰፊ መዳፍ ምልክት አለ፤ ከበስተኋላው ደግሞ በመጥረጊያ የተጫረ የሚመስል ቀጫጭን መስመር፣ መሬት እየነካ የተጎተተው እሾህ የተወው ነው። መስመሩ ከካቡ ሥር አልፎ፣ ከቁጥቋጦ በታች ካለ ትልቅ ድንጋይ ዘንድ አደረሰን። ድንጋዩ ሥር ሁለት ጉድጓድ አለ። እኔ ጅብ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። አጎቴ አፉ ላይ የተበተነውን ኩስ አሳዩኝ፤ የተምር ፍሬ የሚያህል፣ ጠቆር ያለ፣ አንዳንዱም እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። የጅብ ቢሆን፣ አጥንት ስለሚበላ፣ ሲደርቅ ኖራ መስሎ ይነጣ ነበር። አንድ ጥቁርና ነጭ እሾህም ወድቆ አገኘሁ፤ ከዚያ በኋላ ጥርጣሬ አልቀረኝም።

አጎቴ አንዱን ጉድጓድ በድንጋይ ደፍነው በሌላው በርበሬ ሊያጨሱበት አሰቡ። አዘንኩ፤ ግን ምን እላለሁ? የድንቹን ዋጋ የምከፍላቸው እኔ አይደለሁም። «እስካየው ድረስ ብቻ ይታገሡልኝ» አልኳቸው።

«ጃርት ለማየት ከከተማ ትመላለሳለህ?»

«እመላለሳለሁ።»

ትንሽ ዝም አሉና «በል እስከ ኅዳር ጽዮን ታገሥኩህ። አንተ ነህ ያመጣኸው ብላ እናትህ እንዳትቆጣኝ ዓይንህን ጠብቅ፤ እሾሁን ይወረውራል» አሉኝ። አይወረውርም። ይህን ለእሳቸው ማስረዳት አልሆነልኝም፤ ሰው ሁሉ የሚያምነው ነገር ነው። ጃርት ሲቆጣ እሾሁን ያቆማል፤ ካልተዉት ደግሞ ዞሮ በጀርባው ወደ ጠላቱ ይሮጣል። እሾሁ ቆዳው ላይ የላላ ስለሆነ ከተወጋው አካል ተሰክቶ ይቀራል። ውሻ ፊቱን እሾህ ተተክሎበት ሲመለስ ያየ ሰው ተወረወረበት ቢል አይፈረድበትም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምሽቶች በከንቱ ጠበቅሁ። ጨረቃ ሙሉ ነበረች፤ ገደሉም ማሳውም ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ለማየት የሚመች ሌሊት ነው ብዬ ነበር፤ የተሳሳትኩትም እዚህ ላይ ነው። ለእኔ የሚታየኝ ለነብርም ይታየዋል። ጃርት የጨረቃ ብርሃን ሲበዛ ከጥላ መውጣት አይወድም፤ ብዙ ጊዜ ጨለማውን ይጠብቃል። ይህን አንብቤ አውቀው ነበር፤ ቂጤ በብርድ እስኪደነዝዝ ድረስ ግን ትዝ አላለኝም።

ዛሬ ጨረቃዋ የምትወጣው ወደ እኩለ ሌሊት ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ከካቡ ጀርባ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ከጉድጓዱ ወደ እኔ እንዲመጣ ቦታዬን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፤ ጃርት ከዓይኑ ይልቅ በአፍንጫውና በጆሮው ነው የሚኖረው። ባትሪዬን ቀይ ፌስታል አስሬበታለሁ። ታች ከቆላው በኩል አንድ ውሻ ይጮሃል። ከዚያ ውጭ ፀጥታ ነው።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አልፎ ድምፅ ሰማሁ። ደረቅ ቅል ውስጥ የቀረ ዘር ሲንቀጠቀጥ እንደሚሰማው ያለ ሽክሽክታ ነው፤ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። የጅራቱ እሾህ ውስጡ ባዶ፣ ጫፉም ክፍት ስለሆነ እርስ በርሱ ሲጋጭ እንዲያ ይሰማል። ልቤ ይመታል። ባትሪውን ቀስ ብዬ ከፈትኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ጎፈሩን ነው። ከጭንቅላቱ እስከ ትከሻው የሚወርድ ረጅም፣ ነጣ ያለ ፀጉር አለው፤ ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አፍንጫው ደፍጠጥ ያለ፣ ጆሮው ትንሽ። እሾሁ ወደ ኋላ ተኝቶ፣ ከባድ ሸክም እንደተሸከመ ሰው ዘጭ ዘጭ እያለ ወጣ። ቆሞ አሸተተ። ከኋላው ሌላ መጣ። ከሁለቱ መካከል ደግሞ ድመት የምታህል ትንሽ፤ እሾሁ ገና አጭር ነው።

ጃርት ጥንድ ሆኖ እንደሚኖር፣ ወንዱም ሴቷም ልጅ እንደሚያሳድጉ አውቅ ነበር። ማወቅና ማየት አንድ አይደለም። ትንሹ ወደ ኋላ ሲቀር ትልቁ ቆሞ ጠበቀው። ሲደርስበት አፍንጫውን አስነክቶት እንደገና መንገድ ጀመሩ። ለእኔ ጊዜው ረጅም ነበር፤ ሰዓቴን ሳየው ግን ስድስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ከዚያ እግሬ ጠጠር ነካ። አንደኛው የኋላ እግሩን መሬት ላይ ደጋግሞ መታ፤ እሾሁን አቆመና ቁመቱ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ። ትንሹ ከሆዱ ሥር ገባ። ባትሪውን አጠፋሁ። ሽክሽክታው ወደ ድንቹ ማሳ ሲርቅ እየሰማሁ በጨለማው ተቀመጥኩ። የአጎቴን ድንች ሊበሉ እየሄዱ እንደሆነ አውቃለሁ። ልከለክላቸው አልተነሳሁም፤ ይህን ነገ ለእሳቸው መናገር አለብኝ።

ኅዳር 21፣ ጽዮን

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ዛሬ በዓል ነው፤ ድንጋይ ማንሳትም ማጨስም አይሆንም። «እስቲ እኔም ልየው» ብለው ጋቢያቸውን አስተካክለው አብረን ወረድን።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ትናንት ያላየሁት አጥንት አለ። ጃርት አጥንት ወደ ጉድጓዱ ይወስዳል፤ እየፋቀ ጥርሱን ይሞርድበታል፣ ከእህልና ከሥራሥር የማያገኘውንም ማዕድን ከእሱ ያገኛል። ይህን እያወራሁላቸው ሳለ አጎቴ አጥንቱን አነሱ። የከብት ቅልጥም ነው። አንዱ ጫፍ ተፋፍቆ እንደ እንጨት ተጠርቧል፤ መሐሉ ላይ ግን እብጠት የሚመስል ቋጠሮ አለ። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«የቦራ ነው።»

ቦራ ዓምና በክረምት ከገደሉ የወደቀባቸው በሬ ነው። ጥጃ ሳለ እግሩ ተሰብሮ ወጌሻ ነበር ያሰሩለት፤ የጠገነበት ቦታ ነው ያ ቋጠሮ። ብዙ ዝም አሉ። እኔም የምለው አጣሁ። ከዚያ አጥንቱን ከነበረበት ቦታ መልሰው አስቀመጡት፤ አፈሩንም ከላዩ ላይ በእጃቸው ጠረጉለት።

ወደ ላይ ስንወጣ ካቡ ዘንድ ቆመው ትንፋሽ ወሰዱ። «ድንቹን ነገ እናወጣዋለን» አሉ። «ሥራ ካልጠራህ እደር፤ ሁለት ዶማ አለኝ።»

አድራለሁ።