ሞኒተሩ ብልጭ ድርግም ሲል መጀመሪያ የማየው የራሱን ሜኑ ነው

ላፕቶፔ ላይ በኤችዲኤምአይ የሰካሁት ባለ 4ኬ ሞኒተር መረበሽ ጀመረ። ጥቁር ገጽ ስከፍት ነጫጭ ነጥቦች ብልጭ ብልጭ ይላሉ። አንዳንዴ ደግሞ ምስሉ ድርግም ብሎ ይጠፋና ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። የላፕቶፑ የራሱ ስክሪን ግን ሰላም ነው።

እንዲህ ሲያጋጥም ብዙ ሰው ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከስክሪኑ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር) ወደ ማደስ ይሮጣል። እኔ ግን መጀመሪያ ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፦ ችግሩ የሞኒተሩ ነው ወይስ ወደ እሱ የሚመጣው ሲግናል? ይህን የሚለየው ሞኒተሩ ላይ ባሉት ቁልፎች የሚከፈተው ሜኑ ነው። እሱን የሚያሳየው ሞኒተሩ ራሱ እንጂ ላፕቶፑ አይደለም። ከፈትኩትና ዓይኔን ተክዬ ጠበቅኩ። ነጥቦቹ ዙሪያውን ሲረጩ የሜኑው ሳጥን ውስጥ አንድም አልገባም። ፓኔሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳየው የሞኒተሩ ገጽ፣ ጤነኛ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ እፎይ አልኩ፤ ሞኒተር መቀየር ቀላል ወጪ አይደለማ።

ሜኑውም አብሮ የሚርገበገብ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ብርሃኑን ከፍ አድርጉት። ያኔ ከቆመ፣ ሞኒተሩ ብርሃን የሚቀንሰው መብራቱን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ሴቲንግ ገብቼ ሪፍሬሽ ሬቱን (ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ) ከ60 ወደ 30 ኸርዝ አወረድኩ። ነጥቦቹ ወዲያው ጠፉ። 4ኬ በ60 ኸርዝ በኬብሉ በሰከንድ ወደ 18 ጊጋቢት ዳታ ማለፍን ይጠይቃል፤ በ30 ግማሹ ይበቃል። ጭነቱ ሲቀል ችግሩ ከጠፋ፣ ጥርጣሬው ኬብሉ ላይ ያርፋል። አዳፕተር ወይም ዶክ (ላፕቶፑን ከብዙ ዕቃዎች ጋር የሚያገናኝ ሳጥን) በመሃል ካለ እሱም ተጠርጣሪ ነው፤ የእኔ ግን ቀጥታ የተሰካ ነበር።

ለ18 ጊጋቢት የተሠራ አጠር ያለ ኬብል ቀየርኩ። ሌላ ምንም አልነካሁም፤ ሁለት ነገር በአንዴ ከተቀየረ የትኛው እንደፈታው አይታወቅም። ወደ 60 መለስኩት፣ ያንኑ ጥቁር ገጽ ከፈትኩ። ንጹህ! አሮጌው ኬብልም አልተጣለም። ከ4ኬ ባነሰው በ1080 የምስል ጥራት ላይ ያለ አንዳች ችግር ይሠራል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰው ሲሰማው አያምንም። ሞኒተራችሁ የሚጠፋው ከወንበር ስትነሱ ወይም ስትቀመጡ ብቻ ከሆነ ወንበሩን ጠርጥሩ። በጋዝ ከፍ ዝቅ የሚሉት የቢሮ ወንበሮች ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ፤ እሱ ደግሞ ኬብሉ ውስጥ ገብቶ ሲግናሉን ለአፍታ ያቋርጠዋል። በደንብ የተሸፈነ ጥሩ ኬብል ለዚህም ይረዳል።