በማንኪያ የሚበላ ዳቦ

ቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ እስከ ኬንተኪ ድረስ ነዳሁ። ዌስት ቨርጂኒያ ዝናብና የከባድ መኪና ጭራ ብቻ ነበር፤ በቃ። የሞቴሉን ሌሊት ግን አልረሳውም። ኤሲው እስኪነጋ እንደ ወፍጮ ሲያጓራ አደረ። ስይዘው 79 ዶላር የነበረው ክፍል ጠዋት 104 ሆኖ ጠበቀኝ።

ቤሪያ የደረስኩት እንደተነጫነጭኩ ነው። ትንሽ ከተማ ናት፤ ኑሮዋ ኮሌጁ ነው። ኮሌጁ ከ1892 ጀምሮ ለትምህርት ገንዘብ አያስከፍልም፤ በምትኩ ተማሪው ሁሉ ይሠራል። በ1909 የተከፈተው ቡን ታቨርን የሚባለው ሆቴልም የራሱ ነው። እዚያ ምሳ አዘዝኩ። ያዘዝኩት ሳይመጣ አንድ ልጅ ትኩስ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ መጣና በማንኪያ ዝቆ ሰጠኝ።

«እኔ አላዘዝኩም» አልኩት፤ የ104ቱ ዶላር ቁስል ገና አልሻረም።

«ከምግቡ ጋር ነው» ብሎ ሳቀ።

ስፑንብሬድ ይሉታል። ስሙ ዳቦ ይሁን እንጂ አይቆረስም። ላዩ ቡናማ፣ ውስጡ እንደ ለስላሳ ገንፎ ነው። የበቆሎ ዱቄት በወተት ይማሰላል፤ ቅቤና እንቁላል ይገባበታል፤ ከዚያ ወደ ምድጃ። ሁለተኛ ዙር ስጠይቅ አላፈርኩም።

እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ። እናቴ የበቆሎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ትጋግር ነበር። እንግዳ ሲመጣ ግን ይደበቃል፤ ለእንግዳ የስንዴው ነው የሚወጣው።

አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ነርስ ነበሩ። ፔላግራ ስለሚባል በሽታ ሲያወሩኝ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ደቡብ ድሃ ከበቆሎ ሌላ ብዙም የሚበላው አልነበረውም። ቆዳው ይላጥ፣ ሆዱ ይሄድ፣ አእምሮው ይታወክ ነበር። ተላላፊ ነው ሲባል፣ ከ1914 ጀምሮ ነገሩን የመረመረው ዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር ጣጣው ከምግብ መሆኑን አሳየ። በሽታው የሚመጣው ናያሲን የሚባል ቫይታሚን ሲጎድል ነው፤ በቆሎ ውስጥ ያለውን ደግሞ ሰውነት በቀላሉ አያገኘውም። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ይህን ያስለቅቁ የነበረው በቆሎውን በአመድ ውሃ ወይም በኖራ እየቀቀሉ ነው። መጤዎቹ እህሉን ወሰዱ፣ አመዱን ትተው። የበቆሎ ፕሮቲንም ጎዶሎ ነው፤ ወተትና እንቁላል ይሞሉለታል። ቅቤው ሲበዛ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ሴትየዋም አልደበቁኝም።

ሒሳቡን ስከፍል አንድም ሳንቲም አልተጨመረም። መኪና ውስጥ ሆኜ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማ፣ እዚህ አገር የበቆሎ ዳቦ ለእንግዳ ይቀርባል» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች።

«ወተት አግብተውበት ነዋ!»