ትናንት ሌሊት ውርጭ ነበር?

ጁን በገባ ቁጥር ስልኬ ላይ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «ፎርቲነር ልንወጣ አስበናል፣ በረዶው አልቋል እንዴ?» ጥያቄው ይገባኛል። እኛ በምንኖርባት በኮሎራዶዋ አውሮራ ከተማ ሰው በቲሸርት ነው የሚውለው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የመኪናው ወንበር ያቃጥላል። ወደ ምዕራብ ዞር ሲሉ ግን ተራራው ገና ነጭ ነው።

አጭሩ መልስ፣ አላለቀም። መውጣት ግን ይቻላል። ረጅሙን ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። በቴሌግራም በሁለት መስመር መልሼ አንድ ሰው ቢጎዳብኝ ይቆጨኛል።

ለማያውቅ ልንገር። እዚህ ኮሎራዶ ከ14,000 ጫማ፣ ማለትም ከ4,267 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ፎርቲነር ይባላል። ከ50 በላይ አሉ። እኔ ደጋግሜ የምወጣው ኳንደሪ ፒክን ነው። ብሬከንሪጅ ከተማን አለፍ ብሎ ነው ያለው። ቁመቱ 4,348 ሜትር ገደማ፣ መንገዱ ደርሶ መልስ 11 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ አቀበቱ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ኪሎ ሜትሩን አይታችሁ አትናቁት። ጫፉ ላይ የምትስቡት አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው ኦክስጅን 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚሰጣችሁ።

መጀመሪያ የወጣሁት በጁን መጀመሪያ፣ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ነበር። ጉዞ የጀመርነው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጫካው ውስጥ መንገዱ በበረዶ ተሸፍኗል። መሃሉን ብዙ ሰው ስለረገጠው ይይዛል፣ ደህና ነው ብለን ቀጠልን። ትንሽ እንደሄድን አንድ ሸምገል ያሉ ፈረንጅ ከላይ ሲመለሱ አገኘናቸው። ስኖውሹ፣ ያ እንደ ራኬት ሰፋ ያለው የበረዶ መርገጫ፣ ጀርባቸው ላይ ታስሯል። «ሌሊቱን ደመና ነበር፣ በረዶው አልጠነከረም፣ እኔ ለዛሬ ይቅርብኝ ብያለሁ» አሉን። አመስግነን አለፍናቸው። ደመናና የበረዶ ጥንካሬ ምን አገናኛቸው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ቀኑ ቆንጆ ነበር። ችግሩ የመጣው ሲወረድ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ጫካው ጋ ስንመለስ ጠዋት የያዘን በረዶ ከእግራችን ስር ይከዳን ጀመር። አንዱ እርምጃ ይይዛል፣ ሁለተኛው ይይዛል፣ ሦስተኛው እስከ ጭን ይገባል። እግርን ለማውጣት በሌላኛው ሲደገፉ እሱም ይገባል። አንድ ቦታ ላይ የጓደኛዬ እግር ከበረዶው ስር ባሉ ሁለት ድንጋዮች መካከል ተቀረቀረ። ስቦ ሲያወጣው ጫማው እዚያው ቀረ። በካልሲው በረዶው ላይ ቁጭ ብሎ፣ እኔ በደረቴ ተኝቼ ጉድጓዱን በእጄ እየቆፈርኩ ጫማውን አወጣሁለት። ጓንቴ ውሃ ጠጥቷል። ጣቶቼ ስለደነዘዙ የጫማ ክሩን ማሰር አቅቶኝ ገመዱን በጥርሴ እየሳብኩ ነው የቋጠርኩለት። ቅልጥሙ ተልጦ ይደማ ነበር። ጠዋት 50 ደቂቃ የፈጀብን መንገድ ሲመለስ ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ ወሰደ። ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ማርፈዳችን ብቻ ነው። ደመናውን ገና አላሰብኩትም።

የዚያኑ ዓመት በጥቅምት ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ ደወልኩ። ድምጿ ደስ አላለኝም። «ሰማዩ ወለል ብሏል» አለችኝ፣ «ባቄላው ሳይደርስ ውርጭ እንዳይመታብን ፈርቼ ነው።»

«ደመና ቢኖርስ?» አልኳት።

«ደመና ካለማ ምን ይነካዋል? ደመና ለመሬት ጋቢዋ አይደል!»

ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሸምገል ያሉት ሰውዬ የነገሩን ይኸው ነው። ቀን የሞቀ መሬት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። ደመና ካለ ያንን ሙቀት መልሶ ይሰጠዋል። ሰማዩ ከጠራ ግን የሚመልሰው የለም፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ባቄላው ይመታል። በረዶም እንደዚያው ነው። ቀን ፀሐይ ያቀለጠችው ላዩ፣ ሌሊቱ ጥርት ያለ ከሆነ መልሶ ይረጋል። ጠዋት እንደ አስፋልት ይረገጣል። ሌሊቱ ደመናማ ከሆነ ግን የትናንቱ እርጥብ በረዶ እርጥብ እንደሆነ ያድራል፣ በጠዋት ቢነሱም ብዙም አይጠቅም። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። እኔ ግን ባቄላ ላይ የማውቀውን ተራራ ላይ ለማየት ወራት ፈጀብኝ።

ቃላችንም ትንሽ አሳስቶኛል መሰለኝ። ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደው በረዶ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ ነው፣ ተራራ ላይ ሁለት ሜትር የተከመረውም በረዶ ነው። አመዳይ የሚል ቃል አለን፣ በየዕለቱ ንግግራችን ግን ብዙም አንሰማውም። ስለዚህ «በረዶ አለ ወይስ የለም» ብለን እንጠይቃለን። ተራራ ላይ የሚያስፈልገው ጥያቄ «አሁን ያለው የትኛው ነው?» የሚለው ነው።

ሌላም የሚጠይቁኝ አለ። ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ገደማ ነው፤ አላስካን ካልቆጠርን አሜሪካ ውስጥ ካለ ተራራ ሁሉ ይበልጣል። ታዲያ እሱ ለምን እንደዚህ ነጭ ሆኖ አይከርምም? ስሜን ላይ ብርዱና ዝናቡ አይገናኙም። ሌሊቱ የሚያንዘፈዝፈው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሰማዩ ደረቅ ነው። በክረምት ዝናቡ ሲመጣ ጫፉ ላይ በረዶ ይጥላል፣ አንዳንድ ጠዋት ተራራው ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ግን ፀሐይዋ ከአናት በላይ ስለሆነች ብዙ አይቆይም። ኮሎራዶ ላይ ግን ብርዱም በረዶውም አብረው ይመጣሉ፣ ፀሐይዋም ዝቅ ትላለች። ከኦክቶበር ጀምሮ የወረደው ሳይቀልጥ እየተደራረበ ይቆይና ከፍታው ላይ በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ መጀመሪያ አካባቢ ከፍተኛው ልክ ላይ ይደርሳል። እንግዲህ በጁን የምታገኙት የሰባት ወር ክምችት ቀሪውን ነው።

አሁን እንዴት እንደማደርግ ልንገራችሁ። ከመውጣቴ በፊት ባለው ማታ ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ ካርታው ላይ ተራራውን ራሱን እነካና በየሰዓቱ ያለውን የደመና መጠን አያለሁ። የብሬከንሪጅ ከተማ ትንበያ አይበቃም፣ ተራራው ከከተማው በብዙ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ስኖቴል የሚባሉትን መለኪያ ጣቢያዎች አያለሁ። አንዱ ሁዚየር ፓስ ላይ፣ ከኳንደሪ በጣም ቅርብ ነው ያለው። የበረዶውን ጥልቀትና የአየሩን ሙቀት በየሰዓቱ ይመዘግባል። ያለፉትን ሌሊቶች ከዜሮ በታች ወርዶ ቆይቷል? ለዛሬስ ሌሊት ሰማዩ ይጠራል ተብሏል? ሁለቱም አዎ ከሆኑ እሄዳለሁ። ካልሆኑ ተኝቼ አድራለሁ።

ስሄድ ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እግሬ መንገዱ ላይ መሆን አለበት። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ጫማ ላይ የሚጠለቀው ጥርስ ያለው ሰንሰለት (ማይክሮስፓይክ ይሉታል)፣ ሁለት ዱላ፣ ትርፍ ካልሲና ትርፍ ጓንት እይዛለሁ። በረዶው በደንብ ረግቶ ካደረ ድምፁ ራሱ ይነግራችኋል። ጥርሱ ሲነክሰው ጭርጭር ይላል፣ ደረቅ ቆሎ እንደ መቆርጠም ያለ ድምፅ ነው። ዛፎቹ ካለቁበት በላይ፣ ከ3,500 ሜትር ገደማ ጀምሮ፣ ንፋስ የጠረገው ድንጋይና የበረዶ ንጣፍ ይፈራረቃሉ። ፀሐይ ስትወጣ ንጣፉ መጀመሪያ ሮዝ ይሆናል፣ ከዚያ ነጭ። በጁን የተራራ ፍየሎቹ የክረምት ፀጉራቸውን ስለሚያራግፉ ቁጥቋጦው ላይ እንደ ባዘቶ ጥጥ የተንጠለጠለ ፀጉር ታያላችሁ። እኔ ይህንን ለማየት ብቻ እንኳ እሄዳለሁ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጫፍ ላይ፣ ከ5 ሰዓት በፊት መኪናው ጋ። በመሃል ጫማችሁ ከቁርጭምጭሚት በላይ መግባት ከጀመረ፣ ጫፉ የቱንም ያህል ቢቀርብ ተመለሱ። ከድንጋይና ከቁጥቋጦ አጠገብ አትርገጡ፣ ፀሐይ ስለምታሞቃቸው በዙሪያቸው ያለው በረዶ ከውስጥ ባዶ ነው። ከስር ውሃ ሲፈስ ከሰማችሁም ራቁ። ጥቁር መነጽር ግዴታ ነው። ክሬምም ተቀቡ፣ ከአገጭና ከአፍንጫ ስርም ጭምር፣ ብርሃኑ ከበረዶው ተመልሶ ከታች ወደ ላይ ነው የሚመታው። «የእኛ ቆዳ አይቃጠልም» የሚለውን ወሬ ተዉት፣ ከንፈሬ ለሳምንት ተሰነጣጥቆ አይቻለሁ።

ጭቃውም አለ። በረዶው ያለቀበት ቦታ ማጥ ይሆናል። ጭቃ ስናይ ዳር ዳሩን መሄድ ልማዳችን ነው። እዚያ ግን እባካችሁ መሃሉን እርገጡት። ዳር ላይ ያለችው ትንሽ ሣርና አበባ በዓመት የምታድገው ሁለት ወር ብትሆን ነው፣ አንዴ ከተረገጠች ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጅባታል። ጫማ ይታጠባል።

ስለሌሎቹ ወራት ባጭሩ። ከጁላይ አጋማሽ ጀምሮ መንገዱ አብዛኛው ደረቅ ነው፣ ለጀማሪ ጥሩው ጊዜ ያ ነው፣ ግን ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ። ከዛፎቹ በላይ ከእናንተ የሚረዝም ነገር የለም። ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ወርዳችሁ ዛፉ ውስጥ ግቡ። ሰመር ላይ የኳንደሪን ፓርኪንግ አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል፣ አለዚያ በሹትል (በማመላለሻ አውቶቡስ) ነው። ሴፕቴምበር በጣም ደስ ይላል፣ ሆኖም አንድ ሌሊት የጣለ ስስ በረዶ ድንጋዩን ሳሙና ያደርገዋል። ከኖቬምበር እስከ ሜይ ግን ሌላ ዓለም ነው። የበረዶ ናዳ አለ። አብዛኛው የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ቁልቁለት ላይ ነው፣ የኮሎራዶ የክረምት በረዶ ደግሞ ከስሩ እንደ ስኳር የላላ ንብርብር ስለሚይዝ ላዩ ጠንካራ መስሎ ይከዳል። ግዛቱ ራሱ የናዳ መረጃ ማዕከል አለው፣ ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ ትንበያ ያወጣል። ያንን ማንበብ ያልተማረ ሰው በእነዚያ ወራት ብቻውን ባይወጣ ነው የምለው። እኔም ሁለት ክረምት ተምሬ ነው የጀመርኩት።

ይህን የምጽፈው ሐሙስ ማታ ነው። ትንበያው አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው ይላል፣ ሁዚየር ፓስም ላለፉት ሦስት ሌሊቶች ከዜሮ በታች ወርዷል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከአውሮራ እነሳለሁ። መኪናዬ ሁለት ሰው ይይዝልኛል። ማይክሮስፓይክ የሌለው ይንገረኝ፣ አንድ ትርፍ ጥንድ አለኝ።