መስቀለኛ ጥያቄ

ዋሽንቱን ያስገባው ቴክኒሻናችን ነው። እኔ አላዘዝኩትም። «የአሥር ዓመት ልጁን በደም ካንሰር ቀበረ» የሚለው ላይ ስደርስ ከመስታወቱ ማዶ ቀና ብሎ አየኝና ቀስ አድርጎ ዋሽንት ለቀቀበት። ድምፄ ተሰበረ። አላስመሰልኩም፣ እውነቴን ነው። ከስቱዲዮ ስወጣ እንግዳ ተቀባይዋ ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

ያኔ በአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ቅዳሜ ከሰዓት የዝነኞችን የሕይወት ታሪክ አቀርባለሁ። ሃያ ደቂቃ ናት። የዚያ ሳምንት ባለታሪክ የሆሊውዱ ተዋናይ ሬይመንድ በር ነበር። አዎ፣ በር። ስሙ በአማርኛ ሲጻፍ ለቀልድ ይመቻል፤ ባልደረቦቼም አልማሩኝም።

ሰውየው ካናዳ ኒው ዌስትሚንስተር ውስጥ በ1917 ተወለደ (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ)። ትከሻው የቁም ሳጥን ያህላል፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው የሚመስለው። በ1940ዎቹ ማብቂያ ሆሊውድ እንዲህ ያለውን ሰው የሚፈልገው ለአንድ ነገር ነው፤ ለክፉ ሰው። ሲደበድብ፣ ሲያስፈራራ፣ ሲገድል ዓመታት አለፉ። በ1954 በዳይሬክተር ሂችኮክ ፊልም «ሪር ዊንዶው» ውስጥ ሚስቱን የገደለው ጎረቤት እሱ ነው። ፊልሙን ከሞላ ጎደል ከማዶ፣ በመስኮት ነው የምናየው። በ1956 ደግሞ አሜሪካኖቹ የጃፓኑን የጭራቅ ፊልም ጎድዚላን ለራሳቸው ተመልካች ሲያዘጋጁ እሱን ጋዜጠኛ አድርገው ጨመሩበት። የእሱ ክፍል የተቀረጸው አሜሪካ ነው። ከጃፓኖቹ ተዋንያን ጋር የሚነጋገር ለማስመሰል ጀርባቸውን የሰጡ ሌሎች ሰዎችን ፊቱ አቁመውለታል። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ፊልሙን ሳትስቁ ማየት ይከብዳል።

ዕድሉ የዞረው በችሎት ነው። በ1951 «ኤ ፕሌስ ኢን ዘ ሰን» ላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ይተውናል። ችሎቱ መሀል ጀልባ ተቀምጧል፤ በርም መቅዘፊያውን አንስቶ ጀልባው ላይ ይሰብረዋል። ያንን ያየ አይረሳውም። ስለ ጠበቃው ፔሪ ሜሰን የቴሌቪዥን ድራማ ሊሠራ ሲታሰብ በመጀመሪያ የተፈተነው ለዐቃቤ ሕጉ ቦታ ነበር። ጠበቃውን ለመሆን ውፍረትህን ቀንስ አሉት። ቀነሰ። ከ1957 እስከ 1966 ለአሜሪካው ጣቢያ ሲቢኤስ 271 ክፍል ተሠራ፤ እሱም ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ሁለቴ ወሰደ። ከዚያ «አይረንሳይድ» መጣ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የሚሠራ መርማሪ ሆኖ ከ1967 እስከ 1975። በ1985 ወደ ፔሪ ሜሰንነቱ ተመለሰና በ1993 እስኪሞት ድረስ በዚያው ቀጠለ።

ለሃያ ደቂቃ ይህ ብቻ ይበቃ ነበር። እኔ ግን አድማጭ ማስለቀስ እወዳለሁ። ስለዚህ ስክሪፕቴ ውስጥ ሐዘኑን አጨቅኩበት። የመጀመሪያ ሚስቱ፣ አኔት ሰዘርላንድ የተባለች ተዋናይት፣ በ1943 ጀርመኖች መትተው በጣሉት አውሮፕላን ሞተች። ሌላዋን ካንሰር ወሰዳት። ልጁ ማይክል እንደማይድን ሲያውቅ በ1952 ሥራውን ጥሎ፣ አገሩን ላሳየው ብሎ ዓመቱን ሙሉ አሜሪካን ይዞት ዞረ። ዋሽንቱ የገባው እዚህ ጋ ነው።

ዝግጅቱ አልቆ የቀዘቀዘ ማኪያቶዬን ሳነሳ የጣቢያው ስልክ ጮኸ። ሽማግሌ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት የሠሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ።

«የኔ ልጅ፣ ደኅና አድርገሽ አቀረብሽው። አንዲት ነገር ልጠይቅሽ?»

«ይጠይቁኝ ጋሼ።»

«ሰውየው በ1952 ዓመቱን ሙሉ ሥራ ትቶ ከልጁ ጋር ዞረ አልሽ። ቀደም ብለሽ ደግሞ በ1952 የወጡ ፊልሞቹን ቆጥረሽልናል። መቼ ሠራቸው?»

ስክሪፕቱን አገላበጥኩ። ገጽ ሁለት ላይ «ማራ ማሩ» እና «ሆራይዘንስ ዌስት»፣ 1952 ይላል። «ብሉ ጋርዲኒያ» መጋቢት 1953። ገጽ ሦስት ላይ ሥራ ጥሎ ዞረ። ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በአንድ ማታ።

«ቀድሞ የተሠሩ ይሆናሉ» አልኳቸው።

«ይሆናሉ» አሉ። «ግን ይሆናል ተብሎ አይፈረድም።»

ስለ ሬይመንድ በር ከዚያ ቀን በፊት ሰምተው አያውቁም። እስክሪብቶ ይዘው ነው ያዳመጡኝ፣ በቃ።

እሑድን ሙሉ ስቆፍር ዋልኩ። መጀመሪያ አውሮፕላኑ። ከሊዝበን ወደ እንግሊዝ ይበር የነበረ የመንገደኛ አውሮፕላን ነው፤ ሰኔ 1 ቀን 1943 ተመታ። ዝነኛው ተዋናይ ሌዝሊ ሃዋርድም የሞተው እዚያ ላይ ነው። 17ቱም አለቁ። የስማቸው ዝርዝር ለማንም ክፍት ነው፤ አኔት የምትባል ሴት የለችበትም። ሐሰተኛ ታሪክ ሲፈበረክ ዝነኛ አደጋ ላይ መንጠልጠሉ መጥፎ ዘዴ አይደለም። ዝርዝሩን የሚያይ ሰው እስኪመጣ ድረስ ማለት ነው።

ቀጥሎ ልጁ። ማይክል የሚባል ልጅ ስለመኖሩ ማስረጃ አልተገኘም። በር በ1952 ሥራ ላይ እንደነበረ ከሞተ በኋላ የራሱ የሕዝብ ግንኙነት ሰው አረጋግጧል። በማስረጃ የሚታወቀው ትዳሩ አንድ ነው፤ በ1948 ከኢዛቤላ ዋርድ ጋር፣ እሱም በፍቺ ያለቀ። ታዲያ እኔ ታሪኩን በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም ያነበብኩት። ብዙ ቦታ አይቼዋለሁ፤ የሁሉም ምንጭ ግን የሰውየው የራሱ አፍ ነበር። አንድ ወጥ በአሥር ሳህን ቀርቦልኝ አሥር ዓይነት መስሎኛል። በየሳምንቱ ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ እያፋጠጠ እውነቱን የሚያስለፈልፈውን ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ ማንም አጥብቆ አልጠየቀውም።

ለምን ዋሸ የሚለው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከ1960 ገደማ ጀምሮ እስኪሞት የኖረው ከሮበርት ቤኔቪደስ ጋር ነው፤ የፍቅር አጋሩ ወንድ ነበር። በዚያ ዘመን ሆሊውድ ይህ ቢወጣ እንጀራው ባንድ ቀን ያበቃ ነበር። በየመጽሔቱ «ሚስትህስ?» ለሚለው ጥያቄ የሞቱ ሚስቶች ጥሩ መልስ ናቸው፤ የሞተች ሚስት ፎቶ ለመነሳት አትጠራም። ሚስቶቹን እኔም እረዳዋለሁ። ልጁን ግን እስካሁን መዋጥ አቅቶኛል። በ1991 እንኳ፣ ሰባ ዓመት አልፎት፣ ስለ ልጁ በቁም ነገር ይናገር ነበር።

ሰኞ ለአለቃዬ ነገርኩት።

«ሰውየው ሞቷል?» አለኝ።

«ሞቷል። በ1993።»

«እና ማን ይከሰናል? ተይው።»

ክስ ፈርቼ አልነበረም። እንግዳ ተቀባይዋ በየኮሪደሩ ባየችኝ ቁጥር «ያ ምስኪን ሰውዬ» ትለኝ ጀመር። ረቡዕ ላይ ተመልሼ አለቃዬ ቢሮ ገባሁና ሁለት ደቂቃ ለመንኩ። ሰጠኝ፤ ግን ማስታወቂያ ከመግባቱ በፊት እንድጨርስ።

ሁለት ደቂቃ መጻፍ ሃያውን ከመጻፍ ይልቅ አደከመኝ። ስለ ቤኔቪደስ በአማርኛ ሬዲዮ እንዴት አድርጌ እንደምናገር አራት ጊዜ ጻፍኩ፣ አራት ጊዜ ሰረዝኩ። በመጨረሻ «የግል ሕይወቱን ለመሸፈን ሲል» ብዬ አለፍኩት። ትንሽ ፈሪ ነበርኩ። የቀረውን ግን በግልጽ ተናገርኩ፤ ልጁ እንዳልነበረ፣ ሳላጣራ እንዳቀረብኩት፣ ስህተቱን ያገኘሁትም ከአንድ አድማጭ ጥያቄ ተነስቼ መሆኑን። ቴክኒሻኑ በዚህኛው ምንም ሙዚቃ አላስገባም።

ማስታወቂያው ሳያልቅ ስልኩ ጮኸ።

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ» አሉ ሽማግሌው። «እንዲህ ነው። ግን ያ ኦኪናዋ ጦርነት ላይ ሆዱን ቆሰለ ያልሽው፣ እሱንስ ማን ነገረሽ?»

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ያለፈውን ሳምንት ስክሪፕት ከቦርሳዬ አወጣሁ። ኦኪናዋ ገጽ አንድ ላይ ነው። እሱም የለም፤ ባሕር ኃይል ገብቶ ተዋጋ የተባለው ሁሉ እንደ ልጁ ነው። ይህን ያወቅኩት ግን ማታ ቤቴ ገብቼ ነው። ያን ሰዓት ያልኳቸው «ላጣራና እደውልልዎታለሁ ጋሼ» ብቻ ነበር።

«ቁጥሬን ያዢው» አሉኝ።

ያዝኩት። ከዚያ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ሁለት ደቂቃ ልለምን ወደ አለቃዬ ቢሮ ወጣሁ።