ከመጨረሻው ወንበር ሲታይ

ለቅርጫት ኳስ ውድድራችን የኤሌክትሮኒክስ ውጤት ሰሌዳ ሲገባ፣ መቆጣጠሩ ለእኔ ተሰጠኝ። ከዚያ በፊት ነጥቡን የምናሳየው በእጅ በሚገለበጥ ካርቶን ነበር። ሰዓቱን የምናየው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጥን ሰዎች ብቻ። ተመልካቹ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል "ስንት ቀረ?" እያለ አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል። አጠገቡ ያለውም አያውቅም።

ሰሌዳው የተሰቀለ ቀን ከስሩ ቆሜ ሳየው በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቼ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። የቡድኖቹ ስም አይነበብም። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ግማሹን አደብዝዞታል። ጥግ ላይ ካለው ወንበር ደግሞ የቅርጫቱ ሰሌዳ ሰዓቱን ይጋርደዋል። ገበያ ላይ ሁሉም የሚያወራው በመብራቶቹ መካከል ስላለው ርቀት ነው። ይህ ርቀት 10 ሚሊሜትር ከሆነ፣ መብራቶቹ ለዓይን የሚዋሃዱት ወደ 10 ሜትር ገደማ ሲራቅ ነው። ይሄ ቅርብ ለተቀመጠ ሰው ይጠቅማል። ሩቅ ላለው ግን ወሳኙ የቁጥሩ ቁመት ነው። ስለዚህ የስፖንሰር ምስሎችን አንስቼ ነጥቡንና ሰዓቱን አሳደግኩ። ሰሌዳውንም ከፍ አድርገን ትንሽ ወደ ታች አዘነበልነው።

ቀለም ላይ ተሳስቻለሁ። አንዱን ቡድን በቀይ፣ ሌላውን በአረንጓዴ ጻፍኩ። አንድ ደጋፊ በእረፍት ሰዓት መጥቶ "ወንድሜ፣ ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው" አለኝ። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታባቸው ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ ጥቂት አይደሉም። ሁለቱንም ነጭ አደረግኳቸው። ቡድኖቹ የሚለዩት በስማቸውና በቦታቸው ሆነ።

ትልቁን ለውጥ ያየሁት በሰዓቱ ነው። አንድ ቡድን ኳስ ይዞ በ24 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት። ይህ ሕግ በኤንቢኤ፣ ማለትም በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የተጀመረው በ1954 ነው፤ ቡድኖች እየመሩ ኳስ ይዘው ሰዓት ስለሚገድሉ ተመልካቹ ተሰላችቶ ነበር። የ48 ደቂቃው ጨዋታ 2,880 ሰከንድ ነው። ይህን አንድ ደህና ጨዋታ ላይ ይወረወራል ተብሎ ለታሰበው 120 ኳስ ሲያካፍሉት 24 መጣ። እኛ ጋር ሕጉ ድሮም ነበር፣ ግን ተመልካቹ ቁጥሩን አያየውም ነበር። ሰሌዳው ላይ በወጣ በመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ሳይነገረው "አምስት፣ አራት፣ ሦስት" ብሎ መቁጠር ጀመረ። የሁለቱም ቡድን ደጋፊ አንድ ላይ! ጠረጴዛው ላይ ሆኜ ፀጉሬ ቆመ። የቡድን ጥፋት ቁጥርም እንዲሁ ነው። በአንድ ሩብ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው አራት ክፍሎች በአንዱ) አራት መሙላቱ ሲታይ፣ በአምስተኛው ቅጣት ምት ለምን እንደተሰጠ ማንም አይጨቃጨቅም።

ከዚያ በኋላ ግን አበዛሁት። ኳስ በገባ ቁጥር የሚንቀሳቀስ ምስል ጨመርኩ። አንድ ቀን ቀና ብዬ ተመልካቹን ሳይ፣ ፈጣን ማጥቃት እየተካሄደ ግማሹ ሰው ሰሌዳው ላይ አፍጥጧል። ያቺ ግብ አመለጠችው። አሁን ኳስ በጨዋታ ላይ እያለ ከነጥብ፣ ከሰዓትና ከጥፋት በቀር ምንም አይንቀሳቀስም። ሌላው ለእረፍት ይቆያል።

በጣም ያሳመመኝ ሌላ ነው። ሁለት ነጥብ መሆን ያለበትን ሦስት ብዬ መዘገብኩ፤ ሳውቅ ዝም ብዬ ቀነስኩት። አዳራሹ "ሌባ! ሌባ!" አለ። ከእነሱ አንጻር ልክ ናቸው፤ ነጥብ ዓይናቸው እያየ ጠፋ። በ1976 የሞንትሪያል ኦሎምፒክ የጂምናስቲክስ ተወዳዳሪዋ ናዲያ ኮማነቺ ሙሉ 10 ስታገኝ ሰሌዳው 1.00 ነበር ያሳየው፤ ለ10.00 የሚሆን ቦታ አልነበረውም። ሰው የተረዳው በድምፅ ሲነገረው ነው። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ጨዋታው እስኪቆም እጠብቃለሁ፣ አስተዋዋቂው ስህተቱን ይናገራል፣ ከዚያ ቁጥሩን አስተካክላለሁ። ጩኸቱ ቀረ።

ካርቶኖቹን አልጣልኳቸውም። ጠረጴዛው ስር አሉ፣ በእጅ ከሚያዝ ሰዓት ቆጣሪ ጋር። በአንድ ጨዋታ አራተኛው ሩብ ላይ ሰሌዳው ድርግም ብሎ ጠፋ። ሰዓት ቆጣሪውን ከሰሌዳው ጋር እኩል አስነስቼ ስለነበር ጨዋታው ቀጠለ። አስተዋዋቂው በየ10 ሰከንዱ የቀረውን ይናገራል፣ ካርቶኑን እኔ እገለብጣለሁ። የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች ግን አስተዋዋቂውን የሚሰማው አልነበረም፤ አዳራሹ ራሱ እየቆጠረ ነበር።